የመስከረም መዝገባችን
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



በዚህ ዓመት የማኅበራችን ሦስት አባላት ቅዳሜና እሁድ ከቱሊ ጉሌድ ጅግጅጋ እየተመላለስን አንድ የኮሌጅ ኮርስ ወስደናል። ኮርሱ በጉልበት ሥራ ስለሚተዳደሩ ቤተሰቦችና በከተማ ትምህርት ቤቶች ስላለው የዕድል ልዩነት ነው። የትራንስፖርት ወጪያችንን የሸፈናችሁልን እናንተ ስለሆናችሁ፣ ያገኘነውን ማካፈል ዕዳችን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1966 አሜሪካ ውስጥ ጄምስ ኮልማን የተባለ ምሁር ከባልደረቦቹ ጋር አንድ ትልቅ ጥናት አወጣ። ብዙ ሰው የውጤት ልዩነት ከሕንፃና ከመጻሕፍት ይመጣል ብሎ ሲጠብቅ፣ ከዚያ ይልቅ የቤተሰብ ኑሮ የበለጠ እንደሚወስን ታየ። አኔት ላሮ የተባለች ምሁር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተመችው መጽሐፍ የሠራተኛ ቤተሰቦችን ኑሮ በቅርብ አይታ ጽፋለች። እነዚህ ወላጆች ለልጆቻቸው ያላቸው ፍቅር ከማንም አያንስም፤ መምህር ፊት ሲቀርቡ ግን ብዙዎቹ ዝም ይላሉ። የተማሩትና ደህና ኑሮ ያላቸው ግን ይጠይቃሉ፣ ይከራከራሉ።

ይህን ስንሰማ እርስ በርስ ተያየን። የወላጆች ስብሰባ ላይ በሩ አጠገብ ተቀምጣ፣ አንድ ቃል ሳትተነፍስ ፈርማ የምትወጣውን እናት እናውቃታለን። ብዙዎቻችን ራሳችን ነን።

በሀገራችን የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ እስከ 10ኛ ክፍል በነፃ ይማሩ ብሎ ነበር። ደብተሩ፣ ዩኒፎርሙ፣ ጫማውና መዋጮው ግን ከእናት ኪስ ነው የሚወጣው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ የልጇን ደብተር ገልጣ ማየት የማትችል እናት ብዙ ናት። በ2015 የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3 ገደማ ብቻ ነበሩ። አስጠኚ መቅጠር የሚችል ቤተሰብ መውጫ ይፈልጋል፤ የማይችለውስ?

ከኮርሱ ስንመለስ የማኅበሩን መዝገብ እንደገና ከፈትነው። የሒሳብ ሥራው የእኛ ስለሆነ ቁጥሩን እናውቀዋለን ብለን ነበር። አሁን ግን አንድ ነገር ታየን። በቅጣት ዓምድ ላይ ስማቸው የሚደጋገመው ሻይ አፍልተው የሚሸጡ፣ ወተት የሚቸረችሩ፣ ልብስ የሚያጥቡ፣ ሦስትና አራት ልጅ የሚያስተምሩ እናቶች ናቸው። ወሩም መስከረም ነው። እኛ «ዘግይታለች» ብለን ጽፈናል። መዝገባችን ምክንያት የሚጻፍበት ዓምድ የለውም።

አንዲት አባላችን ሁለት ጊዜ ተቀጥታ በሦስተኛው ወር ቀረች። 7ኛ ክፍል የነበረችው ልጇ በትምህርት ሰዓት እናቷ ሻይ ቤት ብርጭቆ ስታጥብ እያየን አልፈናል። ቤቷ የሄድነው ከኮርሱ በኋላ ነው። «ደብተር ብገዛ ለእናንተ የምከፍለው አጣለሁ፤ ለእናንተ ብከፍል ልጄ ባዶ እጇን ትሄዳለች። ሁለቱም አሳፈረኝ» አለችን። ልጅቷ ዘንድሮ ያንኑ ክፍል ትደግማለች። አንድ ዓመቷ ሲባክን የእኛም እጅ አለበት።

ስለዚህ ለጉባኤው ሦስት ነገር እናቀርባለን። አንደኛ፣ በመስከረም የሚዘገይ ክፍያ አይቀጣ፤ ይልቁንም ከግንቦት ጀምሮ ለትምህርት መሣሪያ ጥቂት በጥቂት እንቆጥብ። ሁለተኛ፣ ትምህርት ቤት ስብሰባ ሲጠራ ማንም እናት ብቻዋን አትሂድ፤ ሁለት ሁለት ሆነን እንሂድ፣ አንዷ ትጠይቅ፣ አንዷ ታዳምጥ። ሦስተኛው ለደጋፊዎቻችን ነው። በአዲስ አበባ ከ2012 የትምህርት ዘመን ጀምሮ የከተማው አስተዳደር ተማሪዎችን ይመግባል፣ ዩኒፎርምና ደብተርም ይሰጣል። የኛ አቅም ያን አያህልም። የምትሰጡን ደብተርና ቦርሳ ግን ከመስከረም በፊት ቢደርስልን፣ ኅዳር ላይ ከሚደርሰው እጥፍ ይጠቅመናል።

መዝገቡ ላይ አዲስ ዓምድ አስምረናል። «ምክንያት» ይላል። እንድታጸድቁልን እንጠይቃለን።