መሪ ማስረከብም ሙያ ነው

አቅራቢ 1፦ ዛሬ የምናወራው በመኪና እሽቅድምድም እንጀራውን ስለሚበላ ሰው ነው፤ ያውም 24 ሰዓት በሚዘልቀው።

አቅራቢ 2፦ የፈረንሳዩ ሌ ማን! ግን ሰው 24 ሰዓት እንዴት ይነዳል?

አቅራቢ 1፦ አይነዳም። መኪናዋ አንድ፣ ሹፌሮቹ ሦስት ናቸው። ደንቡ አንድን ሹፌር በጠቅላላው ከ14 ሰዓት በላይ አያስነዳም፤ በ6 ሰዓት ውስጥም ከ4 ሰዓት በላይ መሪ መያዝ ክልክል ነው። ስለዚህ የሙያው ዋና ችሎታ ፍጥነት ሳይሆን መኪናዋን በደህና ለባልደረባ ማስረከብ ነው እላለሁ።

አቅራቢ 2፦ እዚህ ላይ አልስማማም። ቀርፋፋውን ማን ይቀጥረዋል? እ.ኤ.አ. በ2010 አሸናፊው አውዲ 5,410 ኪሎ ሜትር ነው የሸፈነው። ከጅማ አዲስ አበባ 15 ጊዜ ያህል መሄድ ማለት እኮ ነው!

አቅራቢ 1፦ ልክ ነህ፣ ያለ ፍጥነት በሩም አይከፈትም። ግን ዴንማርካዊውን ቶም ክሪስተንሰንን እይ፤ እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2013 ድረስ 9 ጊዜ አሸንፏል። አንዱንም ብቻውን አላሸነፈም።

አቅራቢ 2፦ እሺ፣ ተረታሁ። ለእኛስ ምን ይረባናል?

አቅራቢ 1፦ ቡና ጭኖ፣ ፍሬኑ እንዳይግል በማርሽ ይዞ የግቤን ቁልቁለት የሚወርደውን ሹፌር አስበው። እሱን ማን ይቀይረዋል?

አቅራቢ 2፦ ረዳት አለው እኮ።

አቅራቢ 1፦ ረዳት ሁሉ መንጃ ፈቃድ አለው እንዴ?

አቅራቢ 2፦ እሱስ እውነት ነው። እንግዲህ ባለንብረቶች፣ ለረጅም መንገድ ተለዋጭ ሹፌር መድቡ። ሹፌሮችም፣ እንቅልፍ ሲጫናችሁ ዳር ይዛችሁ አቁሙ።