በግ ማርባት ስለ መጀመር
(በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ጸሐፊው የሰጡት ገለጻ)



ባለፈው ስብሰባ «ባዋጣነው ገንዘብ 20 በግ በአንድ ጊዜ ይገዛ» የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ገንዘቡ የጡረተኞችና የጉልት ቸርቻሪ እናቶች ነው። ሥራውን ሳናውቅ ገብተን በጎቹ ቢያልቁብን ማን ይተካዋል? እኔ በ5 እናት በግና በ1 አውራ እንጀምር እላለሁ።

ስንገዛ ጥርስ ብቻ አንይ። የዐይኑንም ቆብ ገለጥ እናድርግ፤ ውስጡ ከነጣ ደም አንሶታል፣ ብዙ ጊዜም የሆድ ትል አለበት ማለት ነው። አዲስ የመጣ በግ ሁለት ሦስት ሳምንት ለብቻው ይቆይ። ረግረግ ላይ አናሰማራ፤ የጉበት ትል የሚይዘው ከዚያ ነው። ክትባቱን የእንስሳት ሐኪም ይስጥ።

በግ 5 ወር ያህል አርግዛ ትወልዳለች። ግልገሉ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እንገር ካልጠባ በሽታ አይችልም። ፉርሽካና ፋጉሎ ቀስ በቀስ ይለመድ፤ በድንገት እህል የጠገበ በግ ሆዱ ታውኮ ሊሞት ይችላል። አውራውም የገዛ ልጆቹ ለጥቃት ሳይደርሱ ይለወጥ።

በተራ ለመጠበቅ ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ እስከ እሑድ ስሙን ያስመዝግብ። ጠባቂ ካልተገኘ ግን በጉም ይቅር፣ ገንዘቡም ለየባለቤቱ ይመለስ።