ስለ ዕውቀት በርና ስለ በረኛው
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የተደረገ ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን ስለ ቤተ መጻሕፍት ክበባችን ሥራ ጥቂት እናገራለሁ። የምናገረው ስለ በር ነው። በር ስል ግን የእንጨቱን ወይም የቆርቆሮውን ማለቴ አይደለም። በኢንተርኔት ላይ ማንም ሰው ሊጽፍበትና ሊያርምበት የተፈቀደ፥ ውክፔዲያ የሚባል ታላቅ መዝገበ ዕውቀት መኖሩን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። በእርሱ ውስጥ ስለ አንድ ጉዳይ የተጻፉትን ገጾች ባንድነት ሰብስቦ እንግዳውን የሚቀበል ልዩ ገጽ አለ። ይህንኑ ገጽ የአማርኛው ውክፔዲያ «በር» ብሎ ሰይሞታል። ስያሜው እኔን በጣም ደስ ያሰኘኛል፤ ምክንያቱም በር ያለው ቤት ሁሉ በረኛ እንደሚያስፈልገው ሳይነግሩን እናውቃለን።

ውክፔዲያ በእንግሊዝኛ የተጀመረው በጥር ወር 1993 ዓ.ም. ነው። በር የማበጀቱ ሐሳብ ግን የመጣው ከጀርመንኛውና ከፖላንድኛው ነው፤ እንግሊዝኛው በ1997 ዓ.ም. ከእነርሱ ወሰደው። አሠራሩ አስቸጋሪ አይደለም። ከላይ ስለ ጉዳዩ አጭር መግቢያ ይደረጋል፤ ከዚያ ከተጻፉት ገጾች አንዱ ተመርጦ ይቀርባል፤ ሥዕል ይጨመራል፤ መደቦቹ በየስማቸው ይዘረዘራሉ። በመጨረሻም ገና ያልተጻፉት ገጾች ስማቸው በቀይ ቀለም ይቀመጣል። እኔ ከሁሉ የምወደው ይህን ቀዩን ዝርዝር ነው። የተጻፈው በሰማያዊ፥ ያልተጻፈው በቀይ ሆኖ ስለሚታይ፥ የገዛ አገራችንን ምን ያህል እንዳልጻፍናት ባንድ ዓይን ያሳያል።

የክበባችን አባሎች ስለ ጋይንት፥ ስለ ስማዳና ስለ እስቴ አንድ በር እናብጅ ብለን የተነሣነው በዚሁ ምክንያት ነው። ከውጭ አገር ሰዎች ብዙዎቹ የነፋስ መውጫን ስም መጀመሪያ የሰሙት በነሐሴ ወር 2013 ዓ.ም. ጦርነት በደረሰባት ጊዜ ነው። ያ የሆነ ነገር ነውና መጻፍ አለበት፤ እኛም አንሰውረውም። ዳሩ ግን ስለ አገራችን የሚጠይቅ ሰው ከዚያ በቀር ሌላ ነገር ባያገኝ ጥፋቱ የማን ነው? የድጓ ማስመስከሪያ የሆነችው ቤተልሔም በጋይንት ናት። ዝማሬና መዋሥዕት የሚመሰከርበት ዙር አምባም በዚሁ በጋይንት ነው። ዓፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን፥ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ ያለፉት በዚህ በእኛው ገደልና ሜዳ ነው። ስማዳ ከበሽሎና ከዓባይ ሸለቆ አፋፍ ላይ ተቀምጣ፥ እስቴም ጉናን ተደግፋ የራሳቸው ብዙ ነገር አላቸው።

ሥራውን በአንድ አባል የሙከራ ገጽ ላይ ጀመርን። ኔትወርክ ሲጠፋ በደብተር እንጽፍና ሲመለስ እንገለብጠው ነበር። ባንድ ወር ውስጥ አማረልን፤ መምህራኖቻችንም አዩልን፤ እኛም ኮራን።

ስሕተታችን የታወቀን በኋላ ነው። የጉናን ከፍታ ከአንድ ጽሑፍ ወስደን በበሩ ላይ በገዛ እጃችን ጽፈን ነበር። ከፍታው ከ4100 ሜትር በላይ መሆኑን ጽሑፎቹ ቢስማሙበትም የመጨረሻዎቹ ቍጥሮች ይለያያሉ። ጥቂት ቆይቶ ስለ ተራራው የሚናገረው ገጽ ታረመ። የእኛ በር ግን የድሮውን እንደ ያዘ ቀረ። አንድ እንግዳ በበሩ ላይ አንድ ቍጥር አንብቦ ወደ ውስጥ ሲገባ ሌላ ቍጥር ያገኛል ማለት ነው! ከዚያ ወዲህ ግን መድኃኒቱን ተማርን፤ የገጹን መጀመሪያ በእጅ መገልበጥ ትቶ፥ በሩ ራሱ ከዋናው ገጽ ላይ እየወሰደ እንዲያሳይ ማድረግ ይቻላል። ገጹ ሲታረም በሩም አብሮ ይታረማል።

ይህ መድኃኒት ግን ሁሉን አያድንም። አንዳቤትና ሰዴ ሙጃ ተለይተው ራሳቸውን የቻሉ ወረዳዎች ሆነዋል፤ ይህን በዝርዝሩ ውስጥ የሚያስገባው ሰው ነው። «ሐ»ን በ«ሀ»፥ «ፀ»ን በ«ጸ» የሚጽፉ ሰዎች አንዱን ስፍራ በሁለት ስም ሲያስገቡት አይቶ ወደ አንዱ የሚመራውም ሰው ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ ለብዙ ወራት የሙከራ ገጻችንን የጎበኘው ከእኛ ወገን ማንም አልነበረም። ከዚያ በፊትም ቢሆን በሩን የጀመረው ጓደኛችን ፈተናውን አልፎ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲሄድ ሥራው ቆሞ ነበር። እርሱን አንወቅሰውም፤ እኛም እንሄዳለን። የተማሪ ሥራ ሁሉ ችግሩ ይኸው ነው፤ ሠሪው ባራት ዓመት ውስጥ ያልፋል።

በሌላው ዓለም ያሉትም ከዚህ አላመለጡም። በእንግሊዝኛው ውክፔዲያ በሮቹ የሚጠብቃቸው ጠፍቶ አርጅተዋልና ሁሉም ይዘጉ የሚል ሐሳብ በ2010 ዓ.ም. ቀረበ። ብዙ ክርክር ከተደረገ በኋላ አይዘጉም ተባለ። ነገር ግን ደጋፊዎቹ በድላቸው ሰክረው መሰለኝ፥ በአንድ አዲስ መሣሪያ እየታገዙ በጥቂት ወራት ውስጥ በሮቹን ከ1500 ገደማ ወደ 5000 ከፍ አደረጓቸው። ከኋላቸው ቤት የሌላቸው፥ ጎብኚም ያልነበራቸው በሮች ሞሉ። በ2011 ዓ.ም. ከእነዚሁ ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩት እንደ ገና ተሰረዙ። እኔ ይህን ባነበብሁ ጊዜ፥ ለየወረዳው አንድ አንድ በር እናብጅ ያለው የክበባችን ሐሳብ ቢቀር ይሻላል አልሁ። ክርክር ነበረ፤ በመጨረሻ ለሦስቱም አንድ በር ይበቃል ተባለ፤ እርሱም ቢሆን ከኋላው ቢያንስ 20 ደኅና ገጾች ሳይጻፉ ከሙከራው ስፍራ እንዳይወጣ ተስማማን።

ከገጾቹ አንዱ ብዙ አሳዘነን። አንድ አረጋዊ የድጓ መምህር ዘንድ ሄደን ስለ ጉባኤው ሥርዓት ስንጠይቃቸው ግማሽ ቀን ሙሉ ሳይሰለቹ ነገሩን። እኛም ጽፈን አስገባን። ውክፔዲያ ግን ከታተመ መጽሐፍ ወይም ከታመነ ጽሑፍ ያልተወሰደ ነገር አይቀበልምና ማስረጃው የታለ ተብለን ተጠየቅን። አንዳንዶቹ ጓደኞቼ «የመምህሩ ቃል ከመጽሐፍ ያንሳልን?» ብለው ተቈጡ። አያንስም። ነገር ግን ማንም ሰው ሽማግሌ ነገረኝ እያለ የፈለገውን ቢጽፍ ነገ የምናፍረው እኛው ነን፤ ስለዚህ ደንቡ ቢያሳዝነኝም ልክ ነው እላለሁ። የመምህሩን ቃል በሳቸው ፈቃድ በደብተር ጽፈን በቤተ መጻሕፍታችን አስቀምጠነዋል። ስለዚያው ጉባኤ በመጻሕፍት የታተመውን ደግሞ እየፈለግን ነው። ከወላጆች መካከል በቤታችሁ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ያላችሁ ብታውሱን በጊዜው እንመልሳለን።

አሁን ባለንበት ሁኔታ ያለቁት ገጾች 13 ናቸው፤ 7 ይቀራሉ። በረኞቹን በየወሩ ሁለት ሁለት አድርገን መድበናል፤ አንዱ ከ12ኛ ክፍል፥ አንዱ ከ9ኛ ክፍል፥ ሂያጁ ለመጪው እያሳየ እንዲሄድ። ሥራቸው በሳምንት አንድ ጊዜ ገብቶ ምን እንደ ተለወጠ በገጹ የታሪክ መዝገብ መመልከት፥ የተበላሸውን መመለስ፥ በውይይት ገጹ ላይ የተጠየቀውን መመለስ ነው። ዝርዝሩ በቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ከመስከረም እስከ ሰኔ ሰው ተገኝቶለታል፤ የሐምሌና የነሐሴ ቦታ ግን ባዶ ነው። በክረምቱ ወደ ገጠር የማትወርዱ፥ እዚሁ ከተማ የምትቀሩ ካላችሁ፥ ከበዓሉ በኋላ እርሳሱን ይዤ እዚያው እጠብቃችኋለሁ።