ቁጥር ሲቆረጥና ሲዋጥ

አቅራቢዋ፦ የኖርዌዩ ጨዋታ ሠሪ «ድራገንቦክስ» ለሕፃናት ባዘጋጀው የስክሪን ጨዋታ ቁጥሮች ላይ ነፍስ ዘርቷል። «ኑም» የሚባሉት ፍጡሮች ቁመታቸው በዋጋቸው ልክ ነው፤ ልጁ 5ን በጣቱ ሲቆርጠው 2 እና 3 ይወጣሉ።

ባልደረባዋ፦ መደመርስ?

አቅራቢዋ፦ አንዱ ሌላውን ይውጠዋል!

ባልደረባዋ፦ ጉድ ነው!

አቅራቢዋ፦ ብልሃቱ ሒሳቡ ራሱ ጨዋታው መሆኑ ላይ ነው። ብዙ መተግበሪያዎች ጥያቄ ያስመልሱና ኮከብ ይሸልማሉ፤ ያ ማር የተቀባ ፈተና ነው።

ባልደረባዋ፦ ግን አንድ ቅር የሚል ነገር አለ። ስክሪን ላይ የቆረጠ ሁሉ ወረቀት ላይ አይደምርም።

አቅራቢዋ፦ አዘጋጆቹ ይህን ያሰቡበት ይመስላል። በፈረንጆቹ 2012 ባወጡት የአልጀብራ ጨዋታ መጀመሪያ የሚታዩት ሥዕሎች ደረጃ በደረጃ በፊደልና በቁጥር ይተካሉ፤ ልጁ መጨረሻ ላይ የሚፈታው እውነተኛ እኩልታ ነው።