ጥበቃውን እንጂ ሩጫውን አይደለም



ከዚህ ከጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ሽቅብ ያለው እንጦጦ የሯጮቻችን መለማመጃ ነው። የዓለም አትሌቲክስ በ2011 ዓ.ም. የዳይመንድ ሊግን ስርጭት ወደ 90 ደቂቃ ለማሳጠር ብሎ 5,000 ሜትርን፣ የእኛን ርቀት፣ ሊያስቀር ወሰነ። በ2013 መለሰው። አሜሪካኖች ግን በ2023 እ.ኤ.አ. ቤዝቦልን ሲያሳጥሩ ዘጠኙን ዙር አልነኩም፤ ወርዋሪው ኳስ ይዞ የሚቆይበትን ጊዜ በ15 ወይም በ20 ሰከንድ ገደቡ። ጨዋታው በ24 ደቂቃ ገደማ አጠረ።

እኛንም ሐኪሞችን “ፍጠኑ” ይሉናል። በሽተኛ ብዙ ነው፣ እውነታቸውን ነው። ግን የሚያጥረው የካርድ ክፍሉ ሰልፍ ይሁን እንጂ፣ በሽተኛው “ዶክተር፣ አንድ ነገር ልጨምር” የሚልባት ደቂቃ አትሁን። ዋናው ሕመም ብዙ ጊዜ የሚነገረው ያኔ ነው።

መምህራኖቻችን፣ ይህን ለተማሪዎቻችሁ አደራ።