ስለ ሶዶ ከተማ ፕላንና ስለ ነዋሪው ቃል
(በተማሪዎች ኅብረት የውይይት ምሽት የተደረገ ንግግር)




ዛሬ ማታ እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ የከተማ ፕላን ነው። «ስማርት ሲቲ» የሚለውን ቃል በስብሰባም በቴሌቪዥንም ሁላችንም ሰምተናል፤ አንዳንዶች ብልህ ከተማ ብለው ተርጕመውታል። ትርጕሙ ግን እንደ ተናጋሪው ነው። ለአንዱ የመንገድ ካሜራና በራሱ የሚበራ መብራት ነው፤ ለሌላው ግብርን በስልክ መክፈል ነው፤ ለሦስተኛው ሰፊ የእግረኛ መንገድና ውሃ የሚረጭ ፏፏቴ ነው። እኛ ግን ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ የሚመጣ ጥያቄ አለ እንላለን፤ ይኸውም ፕላኑ ሲነደፍ ነዋሪው የት ነበር የሚለው ነው። ጥያቄውን ስለ ሩቅ አገር ሳይሆን ስለምንኖርበት ስለ ወላይታ ሶዶ እንድናነሣው ፈቃዳችሁ ይሁን።

ሶዶ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ተቀምጣ ወደ ሆሳዕና፣ ወደ ሻሸመኔ፣ ወደ አርባ ምንጭ፣ ወደ ሳውላና ወደ ዳውሮ የሚሄዱት መንገዶች የሚገናኙባት ከተማ ናት። የገበያ ከተማነቷ የቈየ ነው። አሁን የተጨመረው ሌላ ነው። ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ፤ በወላይታም ሰኔ 12 ቀን ድምፅ አሰጣጡ ተደግሞ፣ በነሐሴ ወር የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲቋቋም ሶዶ የአስተዳደሩ መቀመጫ ሆነች። ቢሮ ሲመጣ ሠራተኛ ይመጣል፤ ሠራተኛ ሲመጣ ቤት ፈላጊ ይበዛል፤ ቤት ፈላጊ ሲበዛ ከተማው ወደ ዳር ይገፋል። የወላይታ ገጠር ደግሞ በአገራችን ሕዝብ እጅግ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ስለዚህ ከተማው በገፋ ቍጥር የሚረግጠው ባዶ መሬት ሳይሆን የአንድ ቤተ ሰብ የእንሰት ጓሮ ነው። እንሰት እንደ ጎመን ዛሬ ተነቅሎ ለከርሞ የሚተካ አይደለም፤ ለመብል እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል። ዝናም በጠፋ ዓመት ቤተ ሰቡን የሚያሻግረውም እርሱ ነው። ፕላን ነዳፊው ወረቀት ላይ ያ ጓሮ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ አንዲት ጠብታ ቢሆን ነው።

ሕግ የለም ብለን አናማርርም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ንኡስ አንቀጽ 2 ዜጎች በልማት የመሳተፍ፣ በተለይም የሚኖሩበትን ማኅበረ ሰብ በሚነካ ፖሊሲና ፕሮጀክት ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይናገራል። የከተማ ፕላን አዋጅ ቍጥር 574/2000ም ረቂቅ ፕላን ከመጽደቁ በፊት ሕዝብ እንዲወያይበት ያዛል። መዋቅራዊ ፕላን አንድ ጊዜ ከጸደቀ ለዐሥር ዓመት የሚያገለግል ነውና ይህ የውይይት ቀን ቀላል ቀን አይደለም። ችግሩ ከአፈጻጸሙ ላይ ነው። አዳራሹ ይከፈታል፤ ካርታው ይሰቀላል፤ ባለሙያው በሚያውቀው ቋንቋና በሚያውቀው ፍጥነት ያነባል፤ ሦስት ሽማግሌዎች ተነሥተው ያመሰግናሉ፤ ሻይ ይጠጣል። በማግሥቱ «ሕዝቡ በሰፊው ተወያይቶ ተስማምቷል» ተብሎ ይጻፋል። እንዲህ ያለውን ስብሰባ ያላየ ከመካከላችን ካለ እጁን ያውጣ።

ሳይጠየቅ የተነደፈ ነገር ምን እንደሚያስከትል ወላይታ ከማንም በፊት ታውቃለች። ነገሩ የመንገድ ወይም የቤት ጉዳይ አልነበረም፤ የሕፃናት መማሪያ መጽሐፍ ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ወላይታ፣ ጋሞ፣ ጎፋና ዳውሮ ሰሜን ኦሞ በሚባል አንድ ዞን ውስጥ ሳሉ፣ ቋንቋዎቻቸው ስለሚቀራረቡ አንድ ላይ ተቀይጠው በአንድ መጽሐፍ ይጻፉ ተባለ። ለቅይጡም ከአራቱ ስሞች የመጀመሪያ ፊደላት ተወስዶ «ወጋጎዳ» የሚል ስም ወጣለት። ሐሳቡን ያወጡት ሰዎች ክፋት አስበው ነው ለማለት አንደፍርም፤ ለአራት ቋንቋ አራት መጽሐፍ ከማሳተም አንድ ማሳተም ወጪ ይቀንሳል፣ ሕዝቦቹንም ያቀራርባል ብለው ይሆናል። በወረቀት ላይ ሲታይ ደኅና ሒሳብ ነው። ነገር ግን በመጽሐፉ የሚማረውን ልጅ አባት፣ የሚያስተምረውን መምህር፣ ቋንቋውን የሚናገረውን ሰው አስቀድሞ የጠየቀ አልነበረም። መጽሐፉ ታትሞ ወደ ትምህርት ቤት ሲገባ መምህራን ተቃወሙ፤ ተማሪዎች ተከተሉ፤ በ1992 ዓ.ም. ሶዶ በተቃውሞ ተናወጠች፤ ሰዎች ታሰሩ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። በመጨረሻ መጽሐፉ ተነሣ፤ በ1993 ዓ.ም. ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። ለኅትመቱ የወጣው ገንዘብ ከንቱ ቀረ፤ የሞቱት ግን አልተመለሱም። ቀድሞ መጠየቅ ጊዜ ይፈጃል የሚለን ሰው ካለ፣ ያ ሁሉ ስንት ጊዜ እንደ ፈጀ ቍጭ ብሎ ያስላው።

በከተማ ፕላንም ተመሳሳይ ነገር ደርሷል። የአዲስ አበባና በዙሪያዋ ያለው የኦሮሚያ ልዩ ዞን የተቀናጀ ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም. ሲሰማ ቀድመው የተነሡት እንደ እኛ ያሉ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ፤ ሕይወታቸውን ያጡም አሉ። ተቃውሞው በ2008 ዓ.ም. እንደገና ተቀጣጥሎ ፕላኑ በዚያው ዓመት በጥር ወር ተሰረዘ። በ2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ደግሞ ወደ ክልል ከተሞች ተዛምቶ ሶዶም ደርሷል። መንገዱ ሰፍቶ፣ የእግረኛው መሄጃ ተነጥፎ፣ መብራት ሲተከል ማየት ደስ ያሰኛል፤ ይህን የሚክድ ዓይን የለንም። ነገር ግን ከፒያሳና ከሌሎች ሰፈሮች ወደ ከተማው ዳር የተዛወረው ሰው ከቤቱ ጋራ ዕድሩን፣ ዕቁቡን፣ የዱቤ ሱቁንና ከሥራው ያለውን ቅርበት አጥቷል። እነዚህ በካሳ ቅጽ ላይ ቦታ የላቸውም። የግለሰብ ቤት ተከራይቶ የሚኖረውማ ራሱም ቅጹ ላይ የለም። ሶዶ ውስጥ ከምንኖረው ተማሪዎች ከግቢ ውጭ ተከራይተን የምናድር ስንቶቻችን ነን?

ታዲያ ተጠይቆ የተሠራ ነገር የለም ወይ? አለ፤ እርሱንም ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ሁምቦ ወረዳ ላይ ተመነጣጥረው ተራቍተው የነበሩ ኮረብታዎች አሉ። ከእነርሱ ውስጥ 2,728 ሄክታር የሚሆነውን ወርልድ ቪዥን ከሚባለው ድርጅትና ከአካባቢው ገበሬዎች ጋራ በመሆን እንደገና ደን ለማድረግ ሥራ ሲጀመር፣ ሕዝቡ በመጀመሪያ ተጠራጥሮ ነበር። ደን ተብሎ ከተከለለ በኋላ መሬታችን ይወሰዳል የሚል ፍርሃት ነበረበት፤ ፍርሃቱም ካለፈው ዘመን የተማረው ነው። ስለዚህ ችግኝ ከመትከሉ በፊት ብዙ ንግግር አስፈለገ። ገበሬዎቹ ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት አቋቋሙ፤ የመጠቀም መብታቸው በስማቸው ተረጋገጠ፤ ማን ሣር እንደሚያጭድ፣ የት ከብት እንደማይገባ በራሳቸው መተዳደሪያ ወሰኑ። ከዚያ በኋላ የተቈረጡት ዛፎች ጕቶ ውስጥ የቀረው ሥር እየበቀለ፣ ቅርንጫፉ እየተመለመለ፣ አብዛኛው ቦታ ያለ ተከላ ደን ሆነ። በታኅሣሥ 2002 ዓ.ም. ፕሮጀክቱ በዓለም አቀፉ የካርቦን ንግድ ሥርዓት ተመዘገበ፤ በአፍሪካ ከተመዘገቡት ትልልቅ የደን ፕሮጀክቶች የመጀመሪያው ነበር። ከሽያጩ የተገኘው ገንዘብም ወፍጮና የእህል ማከማቻ ሠራ።

ደን ሌላ፣ ከተማ ሌላ ነው ትሉን ይሆናል። እውነት ነው፤ ከተማ ውስጥ ጥቅሙ የተዘበራረቀ ነው፤ ባለ ቤቱና ተከራዩ፣ ባለ ባጃጁና እግረኛው፣ ጕልት ነጋዴዋና ባለ ሱቁ አንድ ነገር አይፈልጉም። ይሁን እንጂ ከሁምቦ የምንወስደው ቅደም ተከተሉን ነው። ንግግሩ መጣ፤ ቀጥሎ መብቱ በስም ተጻፈ፤ ሥራው የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። እኛ ከተሞቻችን ውስጥ የምናየው ብዙ ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው፤ ሥራው ይጀመራል፣ መብቱ በክርክር ይፈለጋል፣ ንግግሩ ለምረቃው ቀን ይቈያል።

መሣሪያው ይህን ሁሉ ይተካል የሚሉ አሉ። ስለዚህ ነገር የካናዳዋ ቶሮንቶ ታስተምረናለች። እ.ኤ.አ. በ2017 የጉግል እኅት ኩባንያ የሆነው ሳይድዎክ ላብስ በሐይቁ ዳር በመሣሪያ የተሞላ ሰፈር ለመሥራት ከከተማዋ ተቋማት ጋራ ተነሣ። ነዋሪዎቹ ግን በየመንገዱ የሚተከለው መሣሪያ ስለ እኛ የሚሰበስበው መረጃ የማን ነው ብለው አጥብቀው ጠየቁ። በ2019 ኩባንያው የተመኘው ሰፊ መሬት ተቀንሶ በመጀመሪያው 12 ኤከር ብቻ እንዲወሰን ተደረገ፤ በ2020 ኩባንያው የኢኮኖሚውን አለመረጋጋት ምክንያት አድርጎ ጥሎ ወጣ። ገንዘብ፣ ዕውቀትና መሣሪያ አልጐደለውም ነበር።

ወደ ሶዶ እንመለስ። ክረምት ሲገባ ከዳሞታ የሚወርደው ጎርፍ ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ በቦዩ ውስጥ መለኪያ መትከል ይቻላል፤ ይተከልም። ነገር ግን ከቦዩ ጥግ ሠላሳ ዓመት የኖረች እናት አስፋልቱ ከመነጠፉ በፊት ውሃው በየት በኩል ያልፍ እንደ ነበር፣ የትኛው ድልድይ በምን እንደሚደፈን ታውቃለች። እርሷን የጠየቀ መሐንዲስ መለኪያውን የት እንደሚተክል ያውቃል። የምትጠየቀው ግን በወላይትኛ ነው፤ ከገበያ በተመለሰችበት ሰዓት ነው፤ ካርታ ማንበብ ስለማይጠበቅባትም ቦታው ድረስ አብሮ በመሄድ ነው። አስተያየት በስልክ ቅጽ ብቻ ይቅረብ ከተባለ የምንሰማው የእኛኑ የመሰሉትን ሰዎች ድምፅ ብቻ ይሆናል።

በወላይታ ባህል ዱቡሻ የሚባል የአደባባይ መማከሪያ መኖሩን ታውቃላችሁ። አንዳንዶች ስማርት ሲቲውን በዱቡሻ እንምከርበት ይላሉ። እኛም ሐሳቡን እንወደዋለን፤ ግን ሳናጠራው አንቀበለውም። በቀድሞው አደባባይ የሴቶች ቃል ምን ያህል ይደመጥ ነበር? ሸክላ ሠሪውና ቆዳ አልፊውስ የት ይቀመጡ ነበር? ዛሬ የሚጠራው ዱቡሻ ለእነርሱም ወንበር ያስቀምጥ። ለቀን ሠራተኛው፣ ለተከራዩ፣ ከተማው ሊውጠው ለቀረበው የዳር ገበሬም እንዲሁ። የሰጡት ቃል ተጽፎ፣ ከጎኑ ማዘጋጃ ቤቱ የተቀበለውና ያልተቀበለው፣ ያልተቀበለበትም ምክንያት ተጽፎ በየቀበሌው ይለጠፍ። ይህ አንድ ሰሌዳና ጥቂት ወረቀት የሚጠይቅ ሥራ ነው። ካሜራ ከመግዛት ይረክሳል።

እኛ ተማሪዎች ማዘጋጃ ቤቱን ተክተን ፕላን አንነድፍም። የምንችለው ግን አለ። በመካከላችን የከተማ ፕላን፣ የሕግ፣ የሶሲዮሎጂና የወላይትኛ ቋንቋ ተማሪዎች አሉ። ረቂቅ ፕላን ለውይይት ሲቀርብ ፍሬ ነገሩን ከሁለት ገጽ ባልበለጠ ወረቀት በወላይትኛና በአማርኛ ጽፈን፣ በዚሁ ጋዜጣችን ማባዣ አባዝተን፣ በየዕድሩ ዳኛ በኩል ማዳረስ እንችላለን። ሰው የተናገረውን ሳናሳምር፣ በተናገረበት ቋንቋ መዝግበን ለማዘጋጃ ቤቱ አንድ ቅጂ፣ ለዕድሩ አንድ ቅጂ መስጠት እንችላለን። ለዕድሩ የሚሰጠው ቅጂ እንዳይረሳ አደራ እንላለን፤ ባለ ቃሉ ቃሉን በእጁ ይያዝ። መምህራኖቻችንም ሥራውን እንደ ልምምድ ቈጥረው ቢመሩልን ደስ ይለናል፤ ነገሩን ለማርክ ብለን እንደማንሠራው ግን አስቀድመን እንናገራለን።

ስም የሚመዘግቡት ጓደኞቻችን በሩ አጠገብ ናቸው። ይልቁንም ወላይትኛ አጥርተው የሚጽፉ፣ ጋሞኛና ዳውሮኛም የሚሰሙ ያስፈልጉናል። አሁን ጥያቄና ተቃውሞ ያላችሁ እንቀበላለን።