ቀዝቃዛው ነበልባልና የሐኪም እውነት



የሠለስቱ ደቂቅን ታሪክ ሲሰማ ያደገ ሰው፣ ሳያቃጥል የሚነድ እሳት አለ ቢሉት እምብዛም አይደነቅም፤ የዘመናችን ሊቃውንት ግን ይህን በተአምር ሳይሆን በኤሌክትሪክ ኃይል አግኝተውታል። እንደ ሂሊየምና አርጎን ያለ ጋዝ ብርቱ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት፣ ላንግሙየር የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ በ1928 እ.ኤ.አ. ፕላዝማ ብሎ የሰየመው አራተኛው የቁስ አካል ሁነት ይወለዳል፤ በቀዝቃዛው ፕላዝማም ረቂቃኑ ኤሌክትሮኖች በብዙ ሺህ ዲግሪ ሲግሉ፣ ከባዶቹ ቅንጣቶች ከሰው ገላ ሙቀት እምብዛም ስለማይርቁ፣ ነበልባሉ በጣት ቢዳሰስ አይፈጅም።

ይህ ነበልባል ከአየር ጋር ሲዋሐድ ከኦክሲጅንና ከናይትሮጅን ኃይለኛ ውሑዳንን ያስገኛል፤ የካንሰር ሕዋስም በተጣደፈ ዕድገቱ ምክንያት የእነዚህን ውሑዳን ጫና አስቀድሞ የተሸከመ በመሆኑ፣ ጤነኛው ሕዋስ የሚችለው ተጨማሪ ሸክም እርሱን ወደ ሞት ሊያደርሰው እንደሚችል በቤተ ሙከራ ታይቷል።

በጀርመን አገር በግራይፍስቫልድ ከተማ፣ የራስና የአንገት ካንሰራቸው እጅግ በገፋ ሕሙማን ላይ ሐኪሞች ይህን ጥበብ ሲሞክሩ፣ በአንዳንዶቹ ዕጢው ለጊዜው ቢያንስም፣ ጎልቶ የታየው ፍሬ የዕጢው ቁስል ተሕዋስያንና ክፉ ሽታው መቀነሱ ነበር። ይህን እንደ ኢምንት የሚቆጥር ቢኖር፣ ሕመሙ ሳይሆን ሽታው ከቤተ ሰቡ ገበታ ያራቀውን ሰው አላየም ማለት ነው። በአሜሪካም የመድኃኒት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በ2019 እ.ኤ.አ. በሰጠው ፈቃድ፣ ዕጢው በቀዶ ሕክምና ከወጣ በኋላ የቀረው ሥፍራ በፕላዝማ የሚታከምበት ሙከራ በ20 ሕሙማን ላይ ተደረገ፤ የሙከራው ቀዳሚ ጥያቄም «ይፈውሳልን?» ሳይሆን «ይጎዳልን?» የሚል ነበር።

ወጣት ሐኪሞች ሆይ፣ የዚህን ጥያቄ ቅደም ተከተል አደራ እላችኋለሁ። ፕላዝማው በቀጥታ የሚነካው ያረፈበትን ሥፍራ የላይኛውን ንጣፍ እንጂ በጥልቅ የተሸሸገውን ዕጢ አይደለምና፣ ነገ ሕመምተኛ በተስፋ ዓይን እያያችሁ «ያድነኛልን?» ሲላችሁ፣ ያልተረጋገጠውን ፈውስ እንደ ተረጋገጠ አትስበኩለት፤ የታየውንም ማስታገሻ ጥቂት ነው ብላችሁ አትንፈጉት። እግዚአብሔር ለዕውቀታችሁ ትሕትናን፣ ለእጃችሁ ርኅራኄን ይጨምርላችሁ።